ክፍት ቦታ ብዬ የጻፍኩት ግቢና የሎስ አንጀለሱ መናፈሻ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ፎቁና ስለ መኪናው ብዛት ይጠይቀኛል። እኔም ለወጉ ያህል እመልሳለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ሁሉ ውቅያኖስ አቋርጬ ሄጄ አጥብቄ ያየሁት አንድ መናፈሻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከእኛ ከተማ የእህል ገበያ እምብዛም አይበልጥም። ይህን የምጽፈው እዚያ መሄድ ለማይችሉ ሰዎች ነው። ከእነሱም ውስጥ አሥራ አንዱን በስም አውቃቸዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የከተማችንን ስም አልጽፍም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። እኔ የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነኝ፤ ሜትር ስጎትትና ካርታ ስስል ጸጉሬ የሸበተ ሰው። ከመናኸሪያው ጀርባ በድንጋይ አጥር የተከበበ የሴቶች ገዳም አለ። አሥራ አንድ እማሆዮች ቀርተውበታል፤ ታናሿ ስድሳን አልፋለች። እመምኔቷ እማሆይ ወለተ ማርያም የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ግቢው በአዲሱ ፕላን የሕዝብ አደባባይና መናፈሻ እንዲሆን ተወስኗል። ለእናቶቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ምትክ ቦታ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው የእመምኔቷ ፊርማ ብቻ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ግቢውን የለካሁትና ፕላኑን የሳልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለእማሆይ አልነገርኳቸውም ነበር። እሳቸውም ማዘጋጃ ቤት ምን እንደምሠራ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ጋሼ መኮንን የሰፈራችን ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል ተሰደው ሎስ አንጀለስ ገቡ፤ እስከ ዛሬም ዳውንታውን ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ይሠራሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። እዚያው የተወለደችው አንዲት ልጃቸው ሊያ ዌስትውድ ካለው ዩኒቨርሲቲ በከተማ ፕላን ልትመረቅ ስለሆነ እኔን ለምርቃቷ ጠሩኝ። በስልክ ሲነግሩኝ፣ ልጅቷ የጻፈችው የድሮ የካቶሊክ ገዳማት ግቢ እንዴት የከተማው አደባባይና መናፈሻ እንደሆነ ነው አሉኝ። ቀጥ ብዬ ወደ እማሆይ ሄድኩ። ደስ ያሰኛቸዋል፣ ያደፋፍራቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ሰምተው ሰምተው እንዲህ አሉኝ።

«ሂድና እይልን። እዚያ መናፈሻ ውስጥ ከሚቀመጡት ሰዎች፣ ቦታው የማን እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው ካገኘህ እፈርማለሁ።»

አለቃዬ ይህን ሲሰማ ፈቃዴን በዚያው ቀን ፈረመልኝ። እኔም አንድ ሰው ምን አላት ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ማክሰኞ ተነሣሁ። እማሆይ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ የወይራ ፍሬና አንድ መቁጠሪያ ሰጡኝ። ፍሬው ካገኘኋቸው ለዚያ አገር መነኮሳት፣ መቁጠሪያው ደግሞ ለእመምኔታቸው ነው። መነኮሳቱ ከሄዱ ስንት ዘመናቸው ብላቸው፣ «አንዷም ብትሆን አትጠፋም» አሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከመስኮቱ ርቄ በሁለት ሰዎች መሃል ስለተቀመጥኩ ስለ ሰማዩ የምነግራችሁ ነገር የለኝም። እግሬ አብጦ ጫማዬን ማውለቄን፣ መልሼም ማድረግ አቅቶኝ መታገሌን ብቻ አስታውሳለሁ።

ረቡዕ ሎስ አንጀለስ ስደርስ ጉምሩክ ላይ አንዲት ሴት ሻንጣዬን ከፍታ ቋጠሮውን አወጣችው። ዘር ማስገባት ክልክል እንደሆነ በትህትና ነገረችኝና ከነጨርቁ ወስዳ አንድ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረችው። ጨርቁን እንኳ ስጪኝ ልላት ፈልጌ ነበር። እንግሊዝኛዬ ጊዜው ሲደርስ ከዳኝ። እማሆይ ያን ጨርቅ ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው እንደቋጠሩት ያየሁት እኔ ነኝ። መቁጠሪያው ኪሴ ውስጥ ስለነበር ተረፈ።

ጋሼ መኮንን መውጫው ላይ የወረቀት አበባ ይዘው ቆመው ነበር። አቅፈውኝ አለቀሱ። መኪና ውስጥ ገብተን ግን ወዲያው ሾፌር ሆኑ።

«ቀበቶህን እሰር። ፍሪዌዩ ከተዘጋጋ ቫን ናይስ እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ነው።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። እኛ ከተማ በዚህ ጊዜ ሦስት ወረዳ ይታለፋል። ሰማዩ ልክ እንደ እኛ ሰኔ ድፍን ብሏል። ሊዘንብ ነው ብዬ ስለ ልብሴ ስጨነቅ ሳቁብኝ።

«ይሄ አይዘንብም ባክህ። ጁን እንዲህ ነው፤ ጠዋት ይደፍናል፣ ከሰዓት ይገለጣል።»

እኔ በነበርኩበት ሳምንት ከሰዓትም አልተገለጠም። በእኛ አገር እንዲህ የከበደ ሰማይ መጨረሻው ይታወቃል፤ ይወርድና ይቀልለዋል። የዚያኛው እንደከበደ ይውላል። ጋሼ ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ናት። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እሳቸው ሶፋው ላይ እንደሚተኙ ያወቅሁት አልጋው ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ብከራከራቸው በሩን ዘጉብኝ። የሰኔ ጾም ስለሆነ ሽሮ ሠርተው ነበር፤ ከሥሩ አርሯል። ብቻውን የሚኖር ሰው ምግብ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ጨው የሚቀምስለት ሌላ አፍ የለም። ድስቱን ጠርጌ በላሁላቸው።

ሐሙስ የጋሼ የዕረፍት ቀን ነበር። ወደ ፌርፋክስ ወሰዱኝ። ሰው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ሲላት ሰፊ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው በእርምጃ ለካኋት፣ ከእኛ ዋና መንገድ ሩብ አትሞላም። ምግብ ቤቶች፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ሱቆች፣ አንድ ጸጉር ቤት። አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የእኛ ከተማ ስም የተጻፈበት የሽሮ ከረጢት አየሁና ፈዝዤ ቆምኩ። እኔን የገረመኝ ሽሮው ከእኔ በፊት መድረሱ ነው። አንድ ምግብ ቤት በየዓይነቱ በላን። ሒሳቡን ማን እንደከፈለ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጋሼን የሚያውቅ አንድ ሰው ከፍሎ ሄዷል አሉን።

ከዚያ ወደ መናፈሻው ሄድን። በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ጋሼ ግን መኪናቸውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። ፓርክ የሚያደርጉበት ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞርን። በመጨረሻ ሩቅ አቁመን በእግራችን የመጣነው ያንኑ ግማሽ ሰዓት ነው።

መናፈሻው ያምራል። ያናደደኝም ይኸው ነው። የድሮው አጥር ከጉልበት በታች እስኪሆን ድረስ ተቆርጦ መቀመጫ ሆኗል። ስለዚህ አደባባዩ አራት ማዕዘን አይደለም፤ የገዳሙን አጥር ተከትሎ አንድ ጎኑ ሰብሰብ፣ ሌላው ሰፋ ያለ ነው። መነኮሳቱ ልብስ ያጥቡበት የነበረ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ አበባ ተተክሏል። ትንሿ ጸሎት ቤት ግማሿ የአትክልተኞች ዕቃ ማስቀመጫ፣ ግማሿ መጸዳጃ ቤት ሆናለች። ጋሼ ከደጇ ቆመው አማተቡና ግድግዳዋን ተሳለሙ። የቱ ግማሽ መሆኑን አልነገርኳቸውም። በዙሪያው የእግር መንገድ አለ፤ ከመንገዱም ዳር አንድ ትልቅ ቁንዶ በርበሬ። እኛ ገዳም ደጃፍ ያለው ዛፍ ራሱ ነው፤ ቅጠሉን አሽቼ አሸተትኩት። ማስታወቂያ ሰሌዳውን ጋሼ አነበቡልኝ። ስለ ውሾች፣ ስለ ውሃ ቁጠባ፣ ስለ ዛፎቹ ዝርያ ይላል። ታች በትንሹ «ቀድሞ የሃይማኖት ተቋም» የሚል አንድ መስመር አለ። እኔ በፕላኔ ላይ የእማሆይን ቤቶች «ነባር ግንባታ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። የሁለታችንም አጻጻፍ አንድ ሰው ያስተማረው ይመስላል።

ከገንዳው አጠገብ ካለው ቧንቧ ሦስት እናቶች ነጠላ አጣፍተው ውሃ በላስቲክ ይቀዳሉ። ቧንቧው ሐምራዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ከላዩ ላይ ውሃው ለአትክልት ብቻ እንደሆነ፣ እንደማይጠጣ ተጽፏል። ይህን ያህል እንግሊዝኛ አላጣም፤ የሙያዬም ነገር ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እናቶቼ፣ ይሄ ውሃ እኮ አይጠጣም። የተጣራ ፍሳሽ ነው፤ ተጽፎበታል።»

በዕድሜ የሚበልጡት፣ በኋላ እትዬ ዘነበች እንደሚባሉ የሰማሁት፣ ላስቲካቸውን ሳያነሡ መለሱልኝ።

«የተጻፈውን ልጆቻችን አንብበውልናል፣ ልጄ። አንጠጣውም። ጉልበታችንን እናብስበታለን።»

«እና ለምን ከዚህ?»

«የመነኮሳት ግቢ አይደል? ስንት ዘመን ጸልየውበት! መነኮሳቱ የኛ ባይሆኑም ጸሎት ጸሎት ነው።»

አንድ ሰው ፈልግ ተባልኩ፣ ሦስት አገኘሁ። በዚያ ደስታ ላይ ሆኜ፣ ማን እንደነገራቸው ጠየቅኳቸው። እትዬ ዘነበች በአገጫቸው ወደ ጋሼ መኮንን አመለከቱ።

«የሳቸው ልጅ አጥንታው።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወሬውን ከሊያ ሰምተው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያወሩት እሳቸው ናቸው፤ ጸበል ሳይኖረው አይቀርም ያሉትም እሳቸው ናቸው። ቢሆንም ይበቃኛል ብዬ ወሰንኩ። የእማሆይ ቃል «የሚያውቅ ሰው» ነው እንጂ ከማን እንደሰማ አይልም።

ዓርብ ምርቃቱ ሆነ። ሣር ሜዳ ላይ በተደረደረ ወንበር ተቀምጠን ረጅም ንግግር ሰማን። ጋሼ ከስደት ዘመናቸው ጀምሮ ያላቸውን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ስሟ ሲጠራ በመጮህ ፈንታ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ። እኛ አገር እልል ይባል ነበር፤ እዚያ የሌላው ቤተሰብ ጡሩምባ ሲነፋ የእኛ ወገን ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ሊያ ጥቁር ካባዋን እንደለበሰች መጥታ አቀፈችኝ።

«ሶ፣ ሰርቬየሩ አንተ ነህ?»

አባቷ ደነገጡ። «‹እርስዎ› በይ እንጂ፣ ትልቅ ሰው እኮ ነው።»

«ሶሪ። እርስዎ ነህ ማለቴ ነው» አለች፤ ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ሳምንት ከሆዴ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ምሳ ላይ ስለ እማሆይና ስለ ግቢው ነገርኳት። ማን ፕላኑን እንደሳለው ዘልዬው አለፍኩ። ሊያ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እዚያ ገዳም የነበረች አንዲት ሲስተር አለች፤ እህት ካርመን። የመጨረሻዋ አለቃቸው ነበረች። ለፔፐሬ ኢንተርቪው አድርጌያታለሁ። ሰኞ ልወስድህ እችላለሁ፣ ኦኬ?»

መልሴን አግኝቻለሁና አልቸኩልም ነበር። ግን ኪሴ ውስጥ የተረፈው መቁጠሪያ ባለቤት አለው። እሺ አልኳት።

ቅዳሜ ጋሼ ሥራ ገብተው ስለነበር ብቻዬን በአውቶቡስ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሁለተኛው የወሰደኝ ሰው የማይሄድበት፣ መኪና ብቻ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ስሄድ ሰላም የምለው ሰው አላገኘሁም። በእኛ አገር የጠፋ ሰው ቢያንስ ይጠየቃል፤ የማን ልጅ ነህ፣ ወዴት ነህ ይባላል። ፌርፋክስ ስደርስ ላብ አጥምቆኝ ነበር። ሐሙስ የበላንበት ምግብ ቤት ባለቤት ከደጅ አይታ አወቀችኝ። አስቀምጣኝ፣ ውሃ ሰጥታኝ፣ ሳልጠይቃት ሽሮ ፍትፍት አቅርባ ለጋሼ ደወለች። «ሰውዎ እኔ ጋ ነው፤ አልጠፋም» ስትል ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስለዚህች ሴት ደግነት ለብቻው ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

መናፈሻው ውስጥ የቅዳሜ ገበያ ቆሟል። እትዬ ዘነበች የሉም። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሰዎችን መጠየቅ ጀመርኩ። ውሻ የያዘ አንድ ሰው ድሮ መኪና ማቆሚያ የነበረ ይመስለዋል። አትክልት የምትሸጥ ሴት ሁልጊዜም መናፈሻ ነው አለችኝ። ሣሩ ላይ ተንጋሎ የሚያነብ ጎልማሳ ስልኩን አውጥቶ ሊፈልግልኝ ሞከረ፤ ካጣ በኋላ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። ይህን ደጋግሜ መጻፍ እፈልጋለሁ። ተቀምጠውበት ደስ ይላቸዋል፣ ያም ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ የለመድኩትን አደረግኩ። ኪሴ ውስጥ የማትጠፋውን ሜትሬን አውጥቼ የእግር መንገዱን መለካት ያዝኩ። ከበሩ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይሄድና ቁንዶ በርበሬው ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከባዶ ሣር ዙሪያ ይዞርና ተመልሶ ቀጥ ይላል። ዓለት የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ ዛፉም ከመስመሩ ውጭ ነው። ያለ ምክንያት የታጠፈ መንገድ ቀያሽን ያሳክከዋል። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ሰዎች ምንጣፍ ዘርግተው በዚያ ባዶ ሣር ላይ ይንጠራራሉ። እንዲህ ያለ ስህተት እኔ ፕላን ላይ ቢኖር አቀናው ነበር ብዬ ሜትሬን ጠቀለልኩ። እንዲያውም አቅንቻለሁ፤ በእማሆይ ግቢ ከቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ አንድ ጠማማ መንገድ ነበረ።

እሑድ ቅዳሴ ሄደን ተመለስን። ሰማዩ አሁንም ደፍኗል። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው የሊያን ካባ በእጃቸው ይዘው ነበር። «ከእንግዲህ ሥራ ይዛ ሌላ ስቴት ትሄዳለች» አሉኝ። ብርድ ልብሳቸውን አጥፌ ከሶፋው ጫፍ አስቀመጥኩላቸው።

ሰኞ ሊያ በመኪናዋ ወሰደችኝ። እህት ካርመን ያሉት ከቫን ናይስ ብዙም በማይርቅ የአረጋውያን ቤት ነው። ጠባብ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መስቀል፣ ወደ መኪና ማቆሚያ የሚያይ መስኮት። ሰውነታቸው አልቆ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። መቁጠሪያውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፤ ከማን እንደሆነ ሊያ ነገረቻቸው። ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሷቸውና አንገታቸው ላይ አደረጉት። አደራዬን አደረስኩ ብዬ ደስ ሳይለኝ ጥያቄያቸው መጣ። ሊያ ትተረጉምልኝ ነበር።

«የአትክልት ቦታው እንዴት ነው?»

«ያምራል» አልኩ።

«መንገዱ ዛፉ ጋ አሁንም ይታጠፋል?»

ይታጠፋል፣ ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ አልኳቸው።

«እህቶቻችን እዚያ ነበሩ፣ ዘጠኙ። መንገዱን ስንሠራ እንዳንረግጣቸው አጠፍነው። እነሱን ወሰዷቸው፣ መታጠፊያውን ተዉት።»

ከዚያ ያለ ማቋረጥ ተናገሩ። የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ቦታው ለሁሉም ሰው የሚሆን የአትክልት ቦታ ይሆናል ተባሉ፤ ለሁሉም ሰው ሲባል ማን እምቢ ይላል? አንድ ጠዋት ሠራተኞች መጥተው መቃብሮቹን ቆፍረው ጫኑ። እህቶች ፎቅ ላይ ሆነው በመስኮት እያዩ ይጸልዩ ነበር።

«መውረድ ነበረብን» አሉ። «በገዛ እጃችን ማውጣት ነበረብን። አሁን ሩቅ ቦታ አንድ ድንጋይ ላይ ዘጠኝ ስም በፊደል ተራ ተጽፏል። በአንድ ቀን አብራኝ ገዳም የገባችው እህቴ ከድንጋዩ ሥር የቷ እንደሆነች አላውቅም። ዝርዝር ፊት ቆሜ ነው የምጸልየው።»

ሊያ መተርጎሟን ጨርሳ ዓይኗን ጠረገች። እህት ካርመን ወደ እኔ ዞሩ።

«የእናንተን ካርታ የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ለአክስቴ ያልነገርኩትን በባዕድ አገር ለማላውቃቸው ሴት ነገርኩ። ሊያ ቀና ብላ አየችኝና ተረጎመችው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡም።

«ሙታኖቻችሁ ስንት ናቸው?»

ሊያ ያልገባኝ መስሏት ደገመችልኝ። ገብቶኛል። የዚያን ግቢ የአጥር ውፍረት አውቃለሁ። የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የየዛፉን ዙሪያ አውቃለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ ያለውን ሣር ግን «ክፍት ቦታ» ብዬ ጽፌ፣ ለአደባባዩ የሚሆን ፏፏቴ ስዬበት አልፌዋለሁ። እኛ ዘንድ አንዲት ሴት ስትመነኩስ በቁሟ ፍትሐት ይደረግላታል፤ ለዓለም ሞታለችና ስትቀበርም ሐውልት የለም፤ አንድ ድንጋይ ራስጌ፣ አንድ ድንጋይ ግርጌ። ሣሩ ሲያድግ አይታይም። እኔ ግን አይቼዋለሁ። ሜትሬ አንዱ ድንጋይ ላይ ተይዞብኝ በእግሬ ገፋ አድርጌ አላቅቄው ነበር።

«አላውቅም» አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። መዳፋቸው እንደ ወረቀት ነው።

ማክሰኞ ተመለስኩ። ጋሼ መኮንን ለአለቃቸው ታምሜያለሁ ብለው ዋሽተው ሸኙኝ። መግቢያው ላይ አንድ ላስቲክ ውሃ ሊሰጡኝ ሞከሩ፤ እትዬ ዘነበች ለእማሆይ ጉልበት ብለው የላኩት ነው። ፈታሾቹ አላሳለፉትም። ጋሼ ላስቲኩን እንደያዙ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

ከተማችን ስደርስ ይዘንብ ነበር። ልብሴን ሳልቀይር ወደ ገዳሙ ሄድኩ። እማሆይ በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። በመንገድ ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ የመጣሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሦስት ሰው አገኘሁ» የሚል። ውሸት አይደለም። ይህን ብል ይፈርማሉ፣ አለቃዬም ይደሰታል፣ እኔም እንጀራዬን እበላለሁ።

«አገኘህ?» አሉኝ።

«አገኘሁ። የኛው ሰዎች ናቸው፤ ከጋሼ መኮንን ልጅ የሰሙ። የአገሩ ሰው የሚያውቅ የለም።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የጠፋውን ወይራ፣ የታጠፈውን መንገድ፣ ዝርዝር ፊት ቆመው የሚጸልዩትን ሴት። መጨረሻ ላይ «ፕላኑን የሳልኩት እኔ ነኝ፣ እማሆይ» አልኩ።

ምስሩን አበጥረው ሰፌዱን አስቀመጡ።

«አውቃለሁ። ሜትር ስትጎትት በጸሎት ቤቱ መስኮት ሳይህ ነበር። እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት።»

ውሃ ሆንኩ። እሳቸው ግን በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ ዝናቡ አላቆመም። ወደ ምሥራቅ ባለው ጠማማ መንገድ ወሰዱኝና በየድንጋዩ ራስጌ እየቆሙ ስም ጠሩልኝ። መገበሪያ ትፈጭ የነበረችውን፣ ዳዊት በቃሏ ትደግም የነበረችውን፣ ከስድስት ወር በላይ ያልቆየችውን ወጣት። ደብተሬ እየራሰ ጻፍኩ። ሠላሳ ሦስት ናቸው። ከሠላሳ ሦስተኛዋ አጠገብ ድንጋይ የሌለበት ሣር አለ፤ እዚያም ቆሙ።

«ይሄኛው የኔ ነው። ጻፈው።»

ጻፍኩት። እማሆይ አልፈረሙም። የሚያስነሡን ከሆነ እኛው ቆፍረን፣ እኛው ተሸክመን፣ እያንዳንዷን በስሟ ነው አሉ። አሥራ አንድ አሮጊቶች ናቸው።

በማግሥቱ ካርታውን አስተካክዬ ለአለቃዬ ወሰድኩለት። «ክፍት ቦታ» የሚለውን ሰርዤ «መቃብር» ብያለሁ፣ መንገዱንም መልሼ አጥፌዋለሁ። ብዙ ጊዜ ካየው በኋላ ጣቱን አንድ ምልክት ላይ አሳረፈ።

«ሠላሳ አራተኛው ላይ ‹ባዶ› ብለሃል። ባዶ ከሆነ ፏፏቴውን ከዚህ ለምን አነሣኸው?»

«ባዶ የሆነው ለጊዜው ነው» አልኩት።